የሬዲዮ ድንጋይ ያጎረስኳት ካሜራ

ካዛንቺስ ቢሮ ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ዲጂታል ካሜራ ያለው ሰው ገና ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ ልሁን ብዬ ኡራኤል አካባቢ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር ቢኖር ሜጋፒክስል የሚባለው ቁጥር ሲበዛ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው። በዚያች እውቀት ያሳየሁት ኩራት ግን ለአስር ባለሙያ ይበቃ ነበር።

ሻጯ ለስለስ ብላ የምትናገር ወጣት ናት። ገና ሥራ መጀመሯ እንደሆነና ሙከራ ላይ እንዳለች በጨዋታ መሃል ነገረችኝ። እኔ ከሁሉም ርካሿን ካሜራ መረጥኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ በተራ ድንጋይ ብዙም አትሠራም» አለችኝ። «ማለቴ፣ ትሠራለች፤ ግን ሁለት ሦስት ፎቶ አንስታ ትጠፋለች። ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪ አብረው ቢወስዱ ይሻላል።»

ሳቅሁባት። ያደግሁት የሻጭ ምክር በማይታመንበት ቤት ነው። እናቴ ቄራ ሥጋ ልትገዛ ሄዳ ሻጩ «ይሄኛው ይሻልዎታል» ካላት፣ ሆን ብላ ሌላውን ነበር የምታስቆርጠው።

«ሒሳብ ልትጨምሪብኝ ነው አይደል? ነቅቼብሻለሁ!» አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ ካሜራዬን ጠቀለለችልኝ።

ለእህቴ ልጅ ክርስትና ፎቶ አንሺ እንዳይጠራ የከለከልኩት እኔው ነኝ። «እኔ እያለሁ!» ብዬ። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከሰፈር ኪዮስክ የገዛሁትን ትንንሽ የሬዲዮ ድንጋይ ካሜራዋ ውስጥ ከትቼ ከፊት ከፊት እራመድ ነበር። ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ቄሱ ሕፃኑን ወደ ውሃው ሲያስጠጉት ካሜራዋ ሌንሷን ሰብስባ ጠፋች። ሮጬ ሌላ ድንጋይ ገዝቼ ስመለስ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ በነጭ ተጠቅልሎ ክርስትና አባቱ አቅፎታል። እህቴ ካሜራዋን አይታ ፊቷን አዞረችብኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እየተንጨረጨርኩ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል፤ ባለቤቱም ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጧል።

«የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጣችሁልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቱ ካሜራዋን ከፍቶ ድንጋዩን አየና ወደ ልጅቷ ዞረ። «አልነገርሽውም?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ነግሬዎት አልነበር?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ነገረችኝ ብል ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው፤ ያን ሁሉ ጩኸት ጮሄ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«ምንም አልነገረችኝም» አልኩ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለቤቱ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝና ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪ ከነቻርጀሩ በነፃ ሰጠኝ። በቃ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ያንን ደስታዬን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

ካሜራዋ በዚያ ባትሪ ምንም እንከን አልወጣላትም። እኔ ግን ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር የልጅቷ ዓይን ትዝ እያለኝ እረፍት አጣሁ። ከወር በኋላ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ቆማለች። ባለቤቱ እንዳየኝ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ወንድሜ፣ ያንተ ውለታ አለብን» አለኝ። «ያቺን ልጅ በዚያው ሳምንት አሰናበትኳት። እስክትወጣ ድረስ ‹ነግሬያቸዋለሁ› እያለች ስትምል ነበር እኮ! እንዳንተ ደፍሮ የሚናገር ደንበኛ ባይኖር መች አውቅባት ነበር?»

ነግራኝ ነበር ብዬ ብነግረው ምናልባት ፈልጎ ይመልሳት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። ሰውየው ግን እጄን ገና አልለቀቀም፤ የቆሙት ደንበኞችም በአክብሮት ያዩኛል።

«ምንም አይደል» ብዬው ወጣሁ።