ገደል ያልገባው ወንድሜ

ደሴ አጠገብ ካለችው መንደራችን፣ ከገራዶ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች የሸኙኝ ሦስት ወንዶች ናቸው፤ አባየ፣ ታላቄ ሰይድ እና ታናሻችን አህመድ። አባየ በራፍ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አህመድ ሻንጣየን ተሸከመ፤ ሰይድ በሚነዳት ሚኒባስ ኮምቦልቻ ድረስ ወሰደኝ። አውቶቡስ ላይ ካሳፈረኝ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ከድጃ፣ አብሽሪ! ከከፋሽ ተመለሽ፤ አገርሽ ነው» አለኝ። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ሆኖ ቀረ።

ለቤት ሠራተኝነት ጂዳ ገብቼ መጀመሪያ የናፈቀኝ ብርድ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ያ ጭጋጉ ወርዶ ጆሮ ሲቆርጥ የምንረግመው የደሴ ብርድ! እዚህ ደጁ እሳት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሙከይፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ይነፋል፤ ብርዱ ግን የዝናብም የአፈርም ሽታ የለው። ከብሳ የሚሉት ሩዛቸው ሥጋ ሞልቶት በርበሬ አያውቅም። እየበላሁ እከሳ ነበር።

መርዶውን በስልክ የነገረኝ አህመድ ነው። «ሰይድ ከሥራ ማታ ሲመለስ ገደል ገብቶ ተገኘ። ሌቦች ገፍተውት ነው ይላሉ» አለኝ። ፖሊስም መርምሮ ገዳይ አጣ። እያለቀስኩ ማዳሜ ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድሜ ሞቷል፤ አገሬ ልሂድ።»

«በፊት የነበረችውም ሠራተኛ ወንድሟ ሞቶ ነበር» አለችኝ ጥፍሯን እየቀባች። «እናንተ አገር የሚሞተው ወንድም ብቻ ነው?»

«እናቴም ሞታለች።»

«መቼ?»

«ሳልመጣ።»

«ታዲያ እሷን አልቅሰሽ ጨርሰሻል። እሱን ደግሞ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ታለቅሽዋለሽ።»

እንዳለችውም ሆነ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ደሴ ገባሁ፤ ሻንጣየን ሳላስቀምጥ ሆጤ ሰፈር፣ የሰይድ ሚስት ጦይባ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ልጆቿን አቅፋ፣ «እቴ፣ ማን እንደገደለብኝ እንኳ ሳላውቅ ልሙት?» አለችኝ። ወላሂ፣ ሳላጣራ አልመለስም ብየ ማልኩላት።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርጄ የሥራ ጓደኛውን ጠየቅሁ። «ያን ቀን እኮ ሰይድ ሥራ አልገባም» አለኝ። «የመስኖ ውሃ ተራየ ነው፣ ድንቼን ላጠጣ ብሎ ገራዶ ዋለ።»

ሥራ ካልገባ ከሥራ እንዴት ይመለሳል? ገራዶ ወጥቼ ጀናዛውን ያጠቡትን ሸህ ሙሄን አገኘኋቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ አይተውታል» አልኳቸው።

«ጫማ አልነበረውም ልጄ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ደርቆበታል፤ የቦይ ጭቃ። ያ ገደል ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው።»

«ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«ለአባትሽ ነገርኳቸው። ተንበርክከው እጄን ሳሙኝ።»

አባየን ያገኘኋቸው ማሳው ዳር ተቀምጠው ነው። «ሰይድ የሞተው እዚህ ነው?» አልኳቸው። አልካዱኝም።

«በውሃ ተራ ተጣሉ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «አህመድ አንዴ ነው የመታው፣ በአካፋ። ስደርስ ነፍሱ ወጥታለች። ሲመሽ በአህያ ጭነን ገደሉ አፋፍ ወሰድነው፤ እኔም አብሬ ገፋሁት።» ከዚያ ቀና አሉ። «አንዱን ልጄን ቀብሬያለሁ ከድጃ። ሌላውን በእጄ ለወህኒ ልስጥ? እስቲ አንች ፍረጅ።»

እኔ ምን ልፍረድ? ያን ማታ አህመድ እጄን ሊያስታጥበኝ ውሃ ይዞ ቀረበ። ውሃው ከእጄ አልፎ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። «አህመድ» አልኩት። «እቴ» አለኝና አለቀሰ። ያን እንባ አይቼ ፖሊስ ዘንድ መሄድ አቃተኝ፤ የጦይባንም ዓይን ማየት አቃተኝ። ሆጤን ሳልረግጥ ወደ ጂዳ ተመለስኩ። ሰው ከባዕድ አገር ወደ ቤቱ ይሸሻል፤ እኔ ከቤቴ ወደ ማዳሜ ሸሸሁ።

ከወራት በኋላ ጦይባ ደወለች።

«እቴ፣ አህመድ ላግባሽ አለኝ። የወንድሜን ልጆች እኔ ላሳድግ ይላል። አባየም ፈቅደዋል። አንችስ ምን ትያለሽ?»

ማዳሜ ከሳሎን ትጠራኛለች። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«አታግቢው።»

«ምነው? ምን አጠፋ?»

የወጥ ቤቱን በር በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት።

«እቴ፣ ምን አጠፋ?»

«እሱ ነው፣ ጦይባ። ሰይድን የገደለው እሱ ነው።»

አልጮኸችም። ከኋላዋ ትንሹ ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል። ስልኩ ተዘጋ።

አህመድ መታሰሩን ከአገር የመጣች ልጅ ነገረችኝ። አባየን ሽማግሌ ናቸው ብለው ለቀዋቸው፣ አሁን ብቻቸውን ናቸው አለች። በየጁምዓው እደውልላቸዋለሁ፤ ይጠራል፣ አያነሱም። ባለፈው ግን ተነሳ። ሳላቸውን አወቅሁት፤ ጤናቸው እንዳልሆነ አወቅሁ።

«አባየ» አልኩ።

ድምፄን ከሺህ ሰው መሀል ይለዩታል። «ማን ልበል?» አሉኝ።