ያ ዓርብ የጋሼ ደርቤ ጥፋት አልነበረም

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት መልእክቱን ሳየው ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት፤ ሲነሳ መልእክቱ የሚጠፋ መስሎኝ። አልጠፋም። ጋሼ ደርቤ አርፏል።

ለማታውቁት፣ ጋሼ ደርቤ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ዌብሳይት ይሠራ የነበረ፣ እኔንም ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሰው ነው። በዕድሜ አሥራ ምናምን ዓመት ይበልጠኛል። አንቱ ስለው ግን ይቆጣል፣ ስለዚህ «ጋሼ» በምትለዋ ተስማማን።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን ነው። ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚመጣበት፣ አንድ ፎቶ እስኪከፈት ሰው ወርዶ ሻይ ጠጥቶ የሚመለስበት ጊዜ። አንድ ቀን ጋሼ ወደ ክፍላችን የሚያወጣውን ቀጥ ያለ ደረጃ እየሮጠ ወጣ። አዲስ የወጣ ብራውዘር፣ የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም፣ በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ጓደኛው መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲያወርድ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።

እስከዚያ ድረስ ገጽ ሲበላሽብን ሥራችን መገመት ነበር። አንድ መስመር እናጠፋለን፣ እናያለን፣ እንመልሳለን፣ ሌላ እናጠፋለን። ይሄኛው ግን ስሕተቱ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ በቀይ ጽፎ ይነግራል። ሌላም መስኮት ነበረው። የገጹን ክፍሎች በሙሉ ዘርዝሮ ያሳያል፤ አንዱን ሲነኩት ገጹ ላይ በቀይ ተከቦ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጽሑፉንም እዚያው መቀየር ይቻላል። ጋሼ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እየዳበስን ነበር የምንሠራው ማለት ነው» አለ።

አንድ አመል ነበረው። ጨረስኩ ስለው የእኔን ስክሪን አያይም። ተነስቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዳንዴም ታች ወርዶ ጎረቤት ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይከፍተዋል። «አንቺ ጋ ያለውን ተይው፤ ሰው ጋ ምን ይታያል?» ይለኛል። በቀን አሥር ጊዜ ስለምሰማው አንገሽግሾኝ ነበር።

አሁን ለመጻፍ ወደፈራሁት ልምጣ።

ዋናው ደንበኛችን አንድ የግል ኮሌጅ ነበር። የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን ከዓርብ ወደ ረቡዕ አመጡትና ገጹ ላይ እንድናስተካክል ደወሉ። ጋሼ አልነበረም። እኔ ሆዬ ያንን አዲስ መስኮት ከፈትኩ፣ «ዓርብ» የምትለዋን አጥፍቼ «ረቡዕ» ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኔ ላይ ረቡዕ ሆነ። በኩራት ደውዬ ተስተካክሏል አልኳቸው። ጋሼ ሲመለስም እንደዚያው ነገርኩት። ያን ቀን ብቻ ሌላ ቦታ ሄዶ አላየውም፣ አምኖኝ።

ያ መስኮት የሚቀይረው እኔ ፊት ያለውን ብቻ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ገጹ ለሰው ሁሉ በሚሄድበት ኮምፒውተር ላይ፣ ያለው ዋናው ፋይል እንዳለ ነው። ከእኔ በስተቀር ሰው ሁሉ ዓርብን ሲያነብ ሰነበተ።

ዓርብ ዕለት ሰዎች ሊመዘገቡ ኮሌጁ መጡ፤ ምዝገባው ረቡዕ ተዘግቷል። እኔና ጋሼም ተጠርተን ሄድን። ከቡታጅራ ከአባቷ ጋር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ጋሼ ፎርሟን ይዞ የሬጅስትራሩ በር ላይ ሲለምን ዋለ። አልተቀበሏትም። ሻንጣዋን ለአባቷ አቀብላ ታክሲ ውስጥ ስትገባ አይቻታለሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሰኞ የኮሌጁ ኃላፊ ቢሯችን ድረስ መጡና ማን ነው የሠራው አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ኮሌጁ ሥራውን ወሰደብን። ወሬው ሲዛመት ሌሎቹም ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቢሮው ተዘጋ፣ ጋሼም ሌላ ድርጅት ተቀጠረ። ለምን እንደዚያ አልክ ብዬ ስጠይቀው፣ «ገና ጀማሪ ነሽ፤ ስምሽ በዚህ አይጀምርም» ብሎ ሌላ ጨዋታ አመጣ።

እኔም ዝም አልኩ። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። በኋላ ለመድኩት።

አምና ለቡ፣ አንድ የሙያ ጓደኛችን ቤት ሲያስመርቅ ተሰብስበን ነበር። አንዱ ያንን ታሪክ አነሳና «ጋሼ ደርቤ፣ ዛሬ ዓርብ ነው ረቡዕ?» ብሎ ቀለደበት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጋሼ አንዴ አየኝና ሳህኑን ይዞ ምግብ ሊጨምር ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ያለው ያ የገዛ ሳቄ ነው።

ባለቤቱ እንኳ ቢሮው በእሱ ቸልተኝነት የተዘጋ ነው የሚመስላት። አንድ ጊዜ እኔው ፊት ስትወቅሰው ሰምቻለሁ። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ እንጂ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ዛሬ እሷ አጠገብ ተቀምጬ ላለቅስ ነው። በምን ፊቴ?

ጋሼ፣ ዓርብን ሳትቀየር የተውኳት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም። በሕይወት እያለህ፣ ያውም ለቡ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ልናገረው ይገባኝ ነበር። ፈሪ ነኝ። ይቅርታ እንዳልጠይቅህ ደግሞ አሁን የለህም።

ይህን ጽሑፍ እለጥፈዋለሁ። ከዚያ የእኔን ስልክ አስቀምጬ በእህቴ ስልክ እከፍተዋለሁ። ሰው ጋ መታየቱን አይቼ ነው ለቅሶ ቤትህ የምመጣው። ደህና ሁን፣ ጋሼ።