የጣሳዋ ጊንጥ

አክስቴ ለጊንጥ ሲያዝኑ ሰማሁና ደሜ ፈላ። ልጠይቃቸው ፍኖተ ሰላም በሄድኩበት ቀን የልጅ ልጃቸው ስልኩን አስጠግቶ ቪዲዮ ያሳያቸዋል። የሩቅ አገር ትልቅ ጥቁር ጊንጥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ትሄዳለች፤ አሳዳጊዋ ፌንጣ በወረንጦ ያጎርሳታል።

«እናት እኮ ናት፤ እንዴት አንጀት ትበላለች» አሉ።

እኔን የላምባ ሽታ አፈነኝ።

ልጅ ሆኜ ማንኩሳ አጠገብ እሳቸው ቤት ነበር ያደግኩት። እናቴ ሌላ ባል አግብታ ቡሬ ገብታለች። ከጓሯችን ድንጋይ ስር ያገኘኋትን ጊንጥ በወተት ጣሳ አፈር አድርጌላት፣ ፌንጣ እየያዝኩ እቀልባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ነጫጭ ልጆቿ ጀርባዋ ላይ ተደራርበው አገኘሁ። ደስታው ለብቻዬ አልቻል ቢለኝ አክስቴን ጠራኋቸው።

አዩና ከኩራዙ ላምባ አፈሰሱባት፤ ክብሪት ጫሩ።

«ጊንጥ እንድንረግጥ እንጂ እንድንቀልብ አልታዘዝንም።»

«እናት እኮ ናት» ብዬ አለቀስኩ።

«እናት እናት አትበይብኝ። ያንቺዋም መንደፍ ታውቃለች።»

ነገሩ አልገባኝም። እናቴ እጅ ላይ መርዝ ያለ መስሎኝ፣ ልታየኝ በመጣች ቁጥር ጎተራ ኋላ እደበቅ ነበር። በመጨረሻ መምጣቱን ተወችው። ይኸ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ነይ እንጂ፣ አንቺም እያት» አሉኝ አክስቴ፣ ስልኩን ወደ እኔ እያዞሩ።

«እኔስ ያኔም አይቻታለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ ነዎት ያላዩአት።»