ምዝገባው ይለፍ

የጠርሙስ ፋብሪካውን የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ጥድፊያ» ይላታል። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። የጤና መድን ምዝገባ በመጣ ቁጥር ግን ጥድፊያዋ ወደ ቁጣ ይለወጣል። ሠራተኛው በአንዲት መስኮት ይጋፋል፤ አንዱ «አማቴንስ ላስመዝግብ?» ይላል፣ ሌላው የአምናውን ወረቀት ይዞ ከች ይላል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ደግሞ አንዲት ዝምተኛ ጸሐፊ ብቻ ናት።

በዚያ ሰሞን ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ነገ ግማሽ ቀን ቢፈቅዱልኝ? አባቴ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ፋሻው ይፈታላቸዋል። የሚወስዳቸው ሰው የለም» አለቻት።

ኃላፊዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሰልፉ አይታይሽም እንዴ? ምዝገባው ይለፍ!» አለች።

«እሺ።»

ሽማግሌው ብቻቸውን ሄዱ። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ እግራቸው ከዳቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ።

ጸሐፊዋ ትንፍሽ ሳትል በማግስቱ መስኮቷ ላይ ተገኘች። ነገሩን ለኃላፊዋ የነገራት የበሩ ጥበቃ ነው። «የልጅቷ አባት ወድቀው ተኝተዋል፤ አልሰሙም እንዴ?» ሲላት ክው አለች።

ከሥራ ስትወጣ ብርቱካን ገዝታ ሆስፒታል ሄደች። ከፋብሪካው መምጣቷን ስትነግራቸው ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋትና፣ «አለቃዋ ነሽ? ልጄ አንድ ቀን ክፉሽን አንስታ አታውቅም» አሉ። «አደራሽን፣ እኔን ላስታምም ብላ ሥራዋን እንዳትበድል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «የከለከልኳት እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን «እግዜር ይማርዎት» ብቻ አለች። ብርቱካኑን አስቀምጣ ወጣች።

በነጋታው ጸሐፊዋን አባቷ ዘንድ ልካ መስኮቱ ላይ ራሷ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ራሷን ይወቅራት ጀመር፤ አንድ የማሽን ሠራተኛ ሲጮህባት ስሙን አሳስታ ጻፈች። ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ ልጅቷ ችላ የኖረችው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ሙጭጭ አለች፦ ሁለተኛ ሰው ይመደብ፣ ምዝገባው በየክፍሉ ተራ ይሁን፣ ቀድሞ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ማብራሪያ ይሰጥ፣ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ይዘጋ።

«ይሄ ቀላል ነገር ነው» አላት። «እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽኝም?»



ጸሐፊዋ ስትመለስ፣ «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አለቻት።

«ይቅር ለእግዜር፣ እትዬ። ግን እዚህ መስኮት ላይ ስቀመጥ አባቴ ደረጃው ላይ ይታዩኛል። ወደ ንብረት ክፍል ያዛውሩኝ።»

አዛወረቻት። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ያለ ጩኸት አለቀ፤ አዲሶቹ ሁለት ጸሐፊዎች ምሳቸውን እንኳ በሰዓቱ በሉ። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የኃላፊዋን ስም ጠርቶ አመሰገናት፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ አንገቷን ደፋች። ከኋላ ረድፍ ያች ልጅም አብራ ታጨበጭብላት ነበር።