የአራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ሳጥን የውስጥ በር

የእሳት መጥሪያ ሳጥን ዕድሜ ሊዮኔል ፉርታዶ ከተናገረ በኋላ የሚያርመው ሰው አልነበረም። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ዋምሴት በምትባለው የድሮ የጨርቅ ፋብሪካ ከተማ፣ በየመንገዱ ጥግ የተተከሉትን፣ እጀታቸው ሲሳብ ቁጥራቸውን በሽቦ ለእሳት አደጋ ጣቢያ የሚያስተላልፉትን ቀይ የብረት ሳጥኖች ሲጠግን የኖረ ጡረተኛ ነው። ሰብሳቢዎች ከሩቅ ሳጥን ተሸክመው ይመጡበታል። መጀመሪያ በሩን ያያል። በቁልፍ ብቻ የሚከፈት፣ ቁልፉም ጎረቤት ሱቅ ይቀመጥ የነበረ ከሆነ የቅድመ አያቶቹ ዘመን ነው፤ ነጭ መሳቢያ እጀታ ካለው ግን የቅርብ ነው። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የፈጠራ ፈቃድ ቀን አይቶ የሚቸኩል ሲያጋጥመው ይስቃል።

"ይሄ የልደት ቀኑ አይደለም። ከዚያ በፊት እንዳልተወለደ ብቻ ነው የሚነግርህ" ይላል።

ከተማው የሚያስታውሰው ግን በሌላ ነገር ነበር። በ1979፣ በኖቬምበር ወር፣ ስፒንድል መንገድ ላይ አንድ የኪራይ ቤት ተቃጠለ። ጎረቤት ሮጦ የአራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥርን ሳጥን ደጋግሞ ቢስብም ጣቢያው ምንም አልሰማም። መኪኖቹ እስኪደርሱ ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት አሮጊት፣ ኦዴት ሜዴይሮስ፣ ሞቱ። ሳጥኑን የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈርምበት የምርመራ ካርድ ሲወጣ የመጨረሻው ፊርማ የሊዮኔል ሆነ።

"ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራ ነበር" አለ። ማንም አላመነውም። ከመስመር ሥራ አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡት፤ ጡረታው እስኪደርስ እዚያው ቀረ። የሟቿ ዘመዶች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ያልሸሸው የሥራ ባልደረባው ዋረን ሀስኬል ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ እየመጣ የጎመንና የቋሊማ ሾርባ አብረው ይጠጣሉ። "ሰው ይረሳል፣ ሊዮ" ይለዋል። ሊዮኔልም ልጁን ናታሊያን ክርስትና ያስነሳው እሱን የክርስትና አባት አድርጎ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ የጸደይ ጠዋት ፕሪሲላ አልሚ የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት በልብስ ቅርጫት ሳጥን ይዛ መጣች። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው የገዛችው።

"ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይጻፉልኝ፣ አቶ ፉርታዶ።"

ከፍቶ የሳጥኑን ቁጥር በሚልከው የነሐስ መዘውር ላይ ያሉትን ጥርሶች በጣቱ ቆጠረ። አራት፣ አንድ፣ ሰባት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ምነው፣ አመመዎት?"

"የበሩን ውስጥ ማነው የቀባው?"

"እኔ አይደለሁም። እንዲሁ ነው የገዛሁት።"

"የከተማው ሠራተኛ ውጭውን እንጂ ውስጡን ቀብቶ አያውቅም" አለ። ምክንያቱን ያውቃል። የመስመር ሠራተኞች ሳጥን በከፈቱ ቁጥር የስማቸውን መነሻ ፊደላትና ቀኑን በምስማር በሩ ውስጥ ይጭሩ ነበር። ደንብ ሳይሆን ልማድ ነው።

አስፈቅዷት ግራጫውን ቀለም በማሟሟቻ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ጭረቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ግርጌው አካባቢ የራሱ ሁለት ፊደላት፣ ኖቬምበር ሰባት፣ 1979። ከነሱ ሥር ደግሞ ሌላ ሁለት ፊደላት፣ አንዱ ጭራ ያለው፣ ኖቬምበር ዘጠኝ። ቃጠሎው የደረሰው በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን ነው። ያንን ጭራ ያለው ፊደል በባልደረባው መፍቻና መዶሻ እጀታ ላይ ለዓመታት አይቶታል።

ከሰዓት በኋላ ዋረን ቤት ሄደ። ዋረን በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል።

"ና፣ ተቀመጥ እንጂ። ዛሬ ዓርብ ነው እንዴ?"

"አራት መቶ አሥራ ሰባትን ኖቬምበር ዘጠኝ ከፍተኸው ነበር።"

ዋረን ጋዜጣውን አጠፈ። "የት አገኘኸው?" አለ።

ለሊዮኔል ይህቺ ጥያቄ በቃችው።

"ያኔ ውስጡን ቀብቼ፣ በኋላም ጋራዤ ውስጥ ደብቄው ነበር። ልጄ ሲያጸዳ ሸጠው" አለ ዋረን። "ያን ቀን ለሙከራ ከመስመሩ ቆርጬው መመለሱን ረሳሁ። ካርዱ ላይም አልፈረምኩም።"

"እኔ ስከሰስ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።"

"ሦስት ልጆች ነበሩኝ፣ ሊዮ። አንተን እንደማያባርሩህ አውቅ ነበር። ደግሞም አላባረሩህም።"

"ታዲያ ሾርባዬን ምን ብለህ ትጠጣ ነበር?"

"ስለምወድህ ነው የምመጣው።"

"አይደለም። እውነቱን ዐውቄ እንደሆነ ልታይ ነው የምትመጣው።"

ዋረን የታጠፈውን ጋዜጣ ወንበሩ ላይ አኖረ። "አርጅተናል እኮ፤ አሁን ማን ይጠይቃል?" አለ።

"ሴትዮዋ ጻፍልኝ ብላኛለች። እጽፋለሁ።"

ጻፈም። ሳጥኑ የተሠራበትን ዘመን፣ የቆመበትን ጥግ፣ ከዚያም ማን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደከፈተው ከነሙሉ ስሙ አሰፈረ። ፕሪሲላ አንብባ ቅጂውን ለከተማው አስተዳደር ወሰደችው። በመከር ወራት ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣለት፤ መዝገቡ ታርሟል ይላል፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። የኦዴት የእህት ልጅ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቃ እጁን ጨበጠችው። "እናቴ እስክትሞት ስትረግምህ ነው የኖረችው" አለችው፣ ዓይኗን ሰብራ።

"ግምጃ ቤቱን ችዬዋለሁ" አላት ለናታሊያ አንድ ቀን። "ከዋረን ጋር ያ ሁሉ ሳቃችን የቱ የእውነት፣ የቱ የውሸት እንደነበረ መለየት ነው ያቃተኝ።"

ዋረን በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። ናታሊያ ጥቁር ለብሳ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ አባቷ በር ላይ ቆመች።

"ወደ ቀብሩ አትመጣም?"

"አንቺ ሂጂ። የክርስትና አባትሽ ነው" አላት።

ብቻዋን ሄደች።