ብርቅዬ በቀይ የቀባችው ጣቢያ

ብርቅዬን የሚያውቅ ሁሉ ጭንቀቷን ያውቃል። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቃለች። ምሳ ሰዓት የከተማችን ፒያሳ ደርሰን ማኪያቶ ስናዝዝ፣ "ኮምፒውተሩን አጥፍቼዋለሁ?" ብላ ትነሣብኛለች። ከእሷ አጠገብ ስለሠራሁ ስንት ማኪያቶ እንደቀዘቀዘብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ነበር፤ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት እናከፋፍላለን። የየጣቢያው ክምችት ብርቅዬ ኮምፒውተር ላይ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ ሪፖርቱ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ይላካል፤ መድኃኒቱን ለየጣቢያው የሚመድቡት እነሱ ናቸው። በዚያ ዘመን ግን የአማርኛ ፊደል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ይበላሻል። እዚህ "መድኃኒት" ብላ የጻፈችው እዚያ ሲከፈት ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ምስል ትቀይርና ከኮምፒውተሩ በስልክ መስመር ፋክስ ታደርገዋለች። ምስል ከሆነ ፊደሉ ንቅንቅ አይልም። እኛ ደግሞ "ሪፖርቱ ፎቶ ተነሣ ወይ?" እያልን እናሾፍባት ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት በነበረው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ ወባ በረታ። የብርቅዬ ታናሽ እህት ሙሉዬ ስልክ በሌለበት የገጠር ጣቢያ ነርስ ነበረች። በአንድ አይሱዙ ሹፌር አፍ፣ "የወባ መድኃኒት አልቆብናል፤ ሰው በረንዳ ላይ ተኝቷል" ብላ ላከችባት። ብርቅዬ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ሪፖርቱን ስትሠራ የእህቷን ጣቢያ ሙሉ መስመር በደማቅ ቀይ ቀባችው።

"እንዲህ ሆኖ ካላዩት ዓይን የላቸውም ማለት ነው" አልኳት። ወደ ምስል ቀየረችውና ላከችው።

መድኃኒቱ የመጣ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ጠሀ የሚያራግፍባቸውን ጣቢያዎች ከአዲስ አበባ ከመጣው ዝርዝር ላይ ጮክ ብሎ አነበበ። የሙሉዬ ጣቢያ የለም።

"እስቲ እንደገና አንብብልኝ፣ ጠሀ" አለችው ብርቅዬ።

"ጨረስኩ እኮ፣ እህቴ። ሌላ የለም።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ ገብታ አዲስ አበባ ለመደወል ስልኩ ላይ ተጣበቀች። መስመሩ ይያዛል፤ ሲለቀቅ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። በስንት መከራ አንዲት ሴት አነሣች።

"እሱን ጣቢያ ራሳችሁ ሰርዛችሁታል" አለች። "በጥቁር ደፍናችሁ ነው የላካችሁት።"

ያኔ ገባን። ፋክስ ቀለም አያውቅም፤ ያ ደማቅ ቀይ እዚያ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ የተሳሳተ መስመር የሚሰረዘው በጥቁር ቀለም ተደፍኖ ነው። እንዲያም ሆኖ ስልክ አንሥቶ "ለምን ሰረዛችሁት?" የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ይህ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ብርቅዬ ቀለሙን አንሥታ ገጹን እንደገና ወደ ምስል ቀይራ ላከች። ከዚያ ኃላፊያችን ጋሽ ሸዋንግዛው ቢሮ ገባች።

"ከሌሎቹ ላይ ትንሽ ቀንሰን ለእነሱ እንላክ፣ ጋሼ። ሰው እየሞተ ነው።"

"አዲስ አበባ ሳይፈቅድ አንዲት ፍሬ አልነካም። ነገ ግምገማ ላይ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ብቻ ይፈርሙ፤ እኔ ልጠየቅ" አለቻቸው። አልፈረሙም። ፈቃዱ የደረሰው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው፤ ጠሀ የሌሎቹን አዳርሶ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ብርቅዬ እነዚያን ቀናት ወንበር ላይ ተረጋግታ አልተቀመጠችም፤ ሞተር በሰማች ቁጥር ወደ መስኮቱ ትሄድ ነበር። በመጨረሻ መድኃኒቱ ደረሰላቸው።

ወባው ጋብ ሲል ሙሉዬ ከተማ መጣች፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች። ብርቅዬ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ ቀዩን፣ ፋክሱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

"በእኔ ጥፋት ነው። ስንት ሰው ሞተባችሁ?"

ሙሉዬ የእኔን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሰዎቹ ሊሄዱ ነበር እኮ" አለች። "በሽተኞቻቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ሊወርዱ ተነሥተው ነበር። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። 'እህቴ እዚያ ናት፤ ከሁሉም በፊት ለእኛ ታስልካለች' አልኳቸው። አምነውኝ ቁጭ አሉ።"