ባለ ነጭ ዘለላዋ ሴት

ቦቃን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። በሩ የጎበጠበት፣ መስኮቱ የተገነጠለበት፣ የአጥሩ ብረት የዛገበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ብየዳ ቤት ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ቦቃ የተባለው ልክ እንደ ቦቃ ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ የፀጉር ዘለላ ይዞ ስለተወለደ ነው። ሽበት አይደለም፤ አብሮት የተፈጠረ ነው። በልጅነቱ ልጆች ሲያበሽቁት እያለቀሰ ቤት ይገባ ነበር። እናቱ ታዲያ «ከአያትህ የወረስከው ነው፤ ዝም በላቸው» ትለዋለች። ካደገ በኋላ ደግሞ «ያለ ዕድሜዬ አስረጀኝ» እያለ ስለተማረረ፣ ታናሽ እህቱ የፀጉር ሥራ ከተማረች ጀምሮ ቀለም እየቀባች ታጠቁርለታለች።

እህቱን ሚጣ ይሏታል። አርባን አልፋለች፤ ያም ሆኖ ሚጣ ናት። ከአውቶብስ ተራው ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት አለቻት። አላገባችም፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አባታቸው ጎሚስታ ነበር፤ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰው ስለ አባቷ ሲጠይቃት ሚጣ የምትለው ያጥራታል። ጎማ ይለጥፋል፣ ቤት ይገባል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። በቃ። ወደ ሥራው ሲሄድ እንኳ የኮረብታውን አቋራጭ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም ነበር የሚሄደው። ለምን ሲሉት «ዳገቱ ልቤን ያደክመዋል» ይላል።

ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ቤት አለ። የጥንት ባለጸጋ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። ቤተሰቡ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ቤቱ ለዘመናት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ «ሙዚየም ይሁን» ተባለና እድሳት ተጀመረ። የብረት በሩንና የመግቢያውን ደረጃ መደገፊያ የሠራው ቦቃ ነው። ግቢው ውስጥ ሲቆርጥና ሲበይድ ከረመ፤ ወለሉ እየተወለወለ ስለነበር ግን በሥራ ጫማው ወደ ሳሎኑ አላስገቡትም። ቤቱ ለሕዝብ ሲከፈት «ና፣ ቤተሰብህንም ይዘህ ጎብኝ» ተባለ።

እሑድ ጠዋት በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«እማዬ፣ ተነሺ ልበሺ! ባለጸጎቹ የት የት ይተኙ እንደነበር ላሳይሽ ነው።»

እናቱ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል «እግሬን አሞኛል» አለችው።

«መኪና ይዣለሁ እኮ። ደጃፉ ድረስ ነው የማደርስሽ።»

«አሞኛል አልኩህ! የሰው ቤት ምን ይሠራልኛል?»

እናታቸው እንዲህ ስትቆጣ ብዙም አያውቋትም። ቦቃና ሚጣ ተያዩ። «እሺ በቃ፣ አትቆጪ» ብሎ እህቱን ብቻ ይዞ ወጣ።

የተቀበለቻቸው ድምጿ ለስለስ ያለ ወጣት አስጎብኚ ነበረች። ቦቃ ገና ከመግባቱ ቀልዱን ጀመረ። የምግብ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ረጅም ጠረጴዛ አይቶ ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለና «እዚህ ጫፍ ያለው ጨው አቀብሉኝ ሲል፣ እዚያ ጫፍ ያለው የሚሰማው በስልክ ነው?» አላት። እግር ያለው የብረት መታጠቢያ ገንዳ ሲያይ ደግሞ «ሳሙና ሲያልቅ ራሱ ሄዶ ይገዛል ማለት ነው» አለ። ሚጣ በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች። አስጎብኚዋም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እንዲህ እየተሳሳቁ ፎቅ ወጡ። «ይህ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ክፍል ነው» አለች አስጎብኚዋ።

አልጋው በቀይ ገመድ ተከልሏል። ከራስጌው በላይ የአንዲት ወጣት ሴት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሚጣ ሙያዋ ሆኖባት ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፀጉሩን ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ኋላ የተያዘ ጥሩ ፀጉር ነው። ከግንባሯ በላይ ግን አንድ ነጭ ነገር አለ። ፎቶው ተጭሮ ይሆናል ብላ ጠጋ አለች። ጭረት አልነበረም። ከክፍፍሉ በስተቀኝ ይነሣል፤ ከሥሩ ትንሽ ጠምዘዝ ይልና ወደ ጎን ይተኛል። ያችን ጥምዝ እጇ ያውቃታል። ስንት ዓመት ሙሉ በብሩሽ ቀለም የቀባቻት እሷ ናት።

ቦቃም አየና በሳቅ ፈነዳ። «አንቺ ሚጣ! ዘመዴን አገኘሁ!»

አስጎብኚዋ የሚለው አልገባትም፤ የቦቃ ፀጉር ጥቁር ነበረ። «አዎ፣ ዘለላዋ ሁሉንም ጎብኚ ያስገርማል» አለች። «የቤተሰቡ ምልክት ነው። አባቷም ነበረው፤ ሴት አያቷም ነበራት። በየትውልዱ አንድ ሰው ላይ ይወጣል ይባላል። እሷ ግን ሳታገባ፣ ሳትወልድ በወጣትነቷ ታማ ስለሞተች ምልክቱ በእሷ አበቃ።»

ሚጣ ዓይኗን ከሴትዮዋ ፎቶ ላይ አሸሸች። ያረፈውም መስኮቱ አጠገብ በተሰቀለ አነስ ያለ ፎቶ ላይ ነው። የአትክልቱ ስፍራ ነው። ረጅም ጥቁር መኪና ቆሟል። ያችው ሴት ከኋላ ወንበር ልትወርድ አንድ እግሯን አውጥታ ትስቃለች። በሩን ከፍቶ የያዘላት ሹፌር ኮፍያ አድርጓል። አንገቱን ዘንበል፣ አንድ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ቆሟል።

ክው አለች። ጎማው ተነፋ አልተነፋ ብሎ ሲጠብቅ እንዲህ አድርጎ ይቆም የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

«ጋሼ» አለች ወንድሟን። እጁን ያዘችና ጎተተችው። ቦቃ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ባለበት ደረቀ።

«አባባ ነው» አለች ሚጣ በሹክሹክታ።

«እሱ ሹፌራቸው ነው» አለች አስጎብኚዋ ከኋላቸው። «ስሙ አልታወቀም።»

«ይታወቃል» አለ ቦቃ፤ የአባቱን ስም ከነአያቱ ነገራት።

ልጅቷ ግራ ተጋባች። «እርስዎ... ልጃቸው ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረና ቀና ሲል ከአልጋው በላይ ካለችው ሴት ጋር ዓይን ለዓይን ገጠመ። እጁ ሳያዘው ወደ ግንባሩ ሄደ። ሚጣ ወንድሟን እንዲህ ደም የሌለው መስሎ አይታው አታውቅም።

በቀጥታ ወደ እናታቸው ቤት ነዱ። እናታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊታቸውን አየች።

«ፎቶዋን ሰቅለውታል?» አለች።

ሚጣን እንደዚያ ጥያቄ የመታት ነገር የለም። እንግዲህ ታውቅ ነበር! ቦቃ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ማን ናት?» አላት።

እናታቸው በቆመችበት መሐረቧን ፈታ መልሳ አሰረች። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችው።

«የወለደችህ ናት። አባትህ ሹፌራቸው ነበር፤ እኔ ልብስ አጣቢያቸው። እንዴት እንደተዋደዱ አትጠይቀኝ፤ እኔም ያወቅኩት ካረገዘች በኋላ ነው። አባቷ ሲሰማ ከፎቅ አወረዳትና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው መተኮሻ ክፍል ውስጥ ዘጋባት። ለሰው ሁሉ ታማለች ተባለ። ምጥ ሲይዛት ሐኪም ጥሩላት ብለን ብንለምን፣ ወሬ ይወጣል ብሎ እምቢ አለ። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። አንተ በደህና ወጣህ። ደሟ ግን አልቆም አለ።»

«መተኮሻ ክፍሉ» አለ ቦቃ ቀስ ብሎ፣ «ከወጥ ቤቱ ኋላ በግራ በኩል ነው? ትንሽዬ መስኮት ያለው?»

«አዎ።»

«የመስኮቱን ፍርግርግ የቀየርኩት እኔ ነኝ።» ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። «ይቀዘቅዛል ብዬ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነበር። በልቼ ወለሉ ላይ ጋደም እል ነበር።»

እናታቸው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህንን እሷም አልጠበቀችም።

«ከዚያስ?» አለች ሚጣ።

«ከዚያማ ሕፃኑ ወደ ማሳደጊያ ይወሰድ ተባለ። አድራሽ ተብሎ የታዘዘው ማን ይመስልሻል? አባታችሁ! ራሱ ነድቶ ልጁን ሊጥል። መኪናውን አስነሥቶ በወጥ ቤቱ በር መጣና 'ልጄን ስጪኝ' አለኝ። ሰጠሁት። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ መኪናውን እዚያው ጥሎ በእግሩ ወጣ። ወንድ ልጅ አራስ ሕፃን ስለመያዝ ምን ያውቃል? እስከ መንገዱ ጫፍ ልሸኘው ብዬ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም።»

ሚጣ ከድንጋጤዋ የተነሣ «እኔስ? እኔ የማን ነኝ?» አለች።

«ኧረ አንቺማ የእኔና የእሱ ነሽ! ምን ነካሽ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ቦቃ ግን ተነሣ። «አርባ ምናምን ዓመት፣ እማዬ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ?»

«መጀመሪያ እንዳይቀሙኝ ፈራሁ» አለች። «በኋላ ደግሞ ለመናገር የሚመች ቀን ጠፋ።»

በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ሰነበተ። ሚስቱ «ማታ ይመጣል፣ ግድግዳ ያያል፣ ይተኛል» ብላ ለሚጣ ደወለች። ሚጣም ሥራ አልጨበጥ አላት፤ አንዲት ደንበኛዋ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ ያለቻትን ፀጉር እስከ ጆሮዋ አደረሰችው። ሐሳቧ ያለው አባቷ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሚያወራው የሌለው ሰው ነበር የሚመስላት። ሬዲዮ የሚሰማ መስሏት አጠገቡ እየተቀመጠች ጥፍሯን ትቀባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦቃ ፀጉር ቤቷ መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በየቀኑ እዚያ ነው የምሄደው» አላት። «አስጎብኚዋ አሁን ወንበር ታመጣልኛለች። እንደ ሞኝ ፎቶዋ ላይ አፈጣለሁ። እሷም ታፈጥብኛለች።»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። እዚያ ስሆን እንግዳ ነኝ። የሚያስተዋውቀኝ ሰው ያስፈልገኛል።» ከወንበሩ እየተነሣ «እማዬ ትምጣልኝ» አለ።

እናታቸው ሲነገራት ታለቅስ ይሆናል፣ እምቢ ትል ይሆናል ያሉት አልሆነም። ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ቀድማቸው ገባች። የመግቢያውን ደረጃ መደገፊያውን ይዛ ወጣች፤ መሐል ላይ ቆም ብላ ብረቱን ነቅነቅ አደረገችና «ጠንካራ ነው» አለች። ከዚያ ማንም ሳይመራት ደረጃውን ወጥታ ያችን ክፍል አገኘቻት።

ፎቶው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመች። ልጆቿ ከኋላ፣ አስጎብኚዋ በሩ ላይ ናቸው።

«ይኸው» አለቻት በመጨረሻ፣ ጎረቤት እንደምታናግር። «አድጎልሻል። አግብቷል፤ ወልዷል። እጁ ሥራ ያውቃል። ሳቁ ያንቺ ነው፤ ሰፈር ይረብሻል። እንዳልነግረው...» ቦቃ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን አቀፋት። ሚጣ ወንድሟ እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ አባታቸው ሲቀበር እንኳ አላየችም።

አስጎብኚዋ ዓይኗን ጠርጋ ጠጋ አለች። «እናቴ፣ ታሪኩ እንዲታወቅ ከፈለጉ ለኃላፊዎቹ እነግራለሁ» አለች። «ሙሉውን መጻፍ ይቻላል።»

እናታቸው ከፎቶው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አየች። «እዚህ ላይ ሳትወልድ ሞተች ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እሱን አጥፉልኝ። ሌላውን ልጄ ሲፈልግ ይነግራችኋል።»

ሲወጡ እናታቸው ደከመኝ ብላ በሩ ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ቦቃም አጠገቧ ተቀመጠ። ሚጣ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ቆመች፤ ልታጣድፋቸው አልፈለገችም።

«ምን ብላ ጠራችኝ?» አለ ቦቃ። «ማለቴ... ስም አውጥታልኝ ነበር?»

«የት ደርሳ፤ አቅፋህ ነው የሄደችው። ስምህን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ፣ አባትህ ተሸክሞህ ሲሄድ ከኋላው እየተከተልኩ።» ዞር ብላ አየችው። «ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ጥሩ ስም ነው» አላት። እጁን ዘረጋላት። «ተነሺ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዝሻል።»